የአጋዘን ጭንቅላት ታክሲደርሚ፦ እርጥብ ሳለ ያማረው ፊት ሲደርቅ ለምን ይለወጣል?

ሸናንዶዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ በየመኸሩ ከማድናቸው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘኖች መካከል ቀንዱ ያማረውን መርጬ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ድረስ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ራሴ መሥራት (ታክሲደርሚ) ጀምሬአለሁ። የተማርኩት ከቪዲዮ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ ቢያስረዳኝ ብዬ ይህን ጥያቄ አቅርቤአለሁ።

ቆዳውን ፎርሙ (የእንስሳውን ቅርጽ ይዞ ከፎም የተሠራው አካል) ላይ አልብሼ፣ ሰፍቼና አበጥሬ ስጨርስ ፊቱ ሕይወት ያለው ይመስላል። አንድ ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ግን መልኩ ይለወጣል። የዓይኑ ቆብ ወደ ኋላ ይሸሽና እንስሳው የደነገጠ ይመስላል። ከዓይኑ ፊት ለፊት ባለው የእጢ ስንጥቅ አካባቢና ከመንጋጋው ሥር ቆዳው ከፎርሙ ይነሳል፤ በጣት ሲነካም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የጆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ በቀንዱ ሥር ዙሪያ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል፤ ከማጅራቱ በላይ የሚሄደው ስፌትም በጠጉሩ መካከል ከሩቅ ይታያል።

አሠራሬን ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ፎርሙን የማዝዘው ከካታሎግ መካከለኛውን መጠን እየመረጥኩ ነው። ሥጋውንና ስቡን በቢላዋ ካነሳሁ በኋላ ቆዳውን አላለፋውም፤ የውስጥ ገጹን ቦራክስ ያለበት ደረቅ ዱቄት እቀባና በማጣበቂያ አለብሰዋለሁ። የጆሮውን ልም አጥንት አውጥቼ በምትኩ ከፕላስቲክ የተሠራውን አስገባለሁ፤ የመስታወት ዓይኑን የማቆመው በክሌይ (በሚቀረጽ ጭቃ) ነው።

ቆዳውን ራሴ ማልፋት መጀመር ይኖርብኛል ወይስ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው? ከእነዚህ ጉድለቶች መካከል በቅድሚያ ልሠራበት የሚገባኝስ የትኛው ነው? ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ማቃናት የሚቻል ከሆነም ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሞረድ፦

ሰላም ወንድሜ። ፔንስልቬንያ ውስጥ በዚህ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የዘረዘሯቸው ጉድለቶች በሙሉ የሚታዩት ፊቱ ሲደርቅ ቢሆንም፣ የሚፈጠሩት ግን ማጣበቂያው ከመከፈቱ በፊት፣ በመለኪያው ሜትርና በመፋቂያው ግንድ (ቆዳው ተዘርግቶ በሚፋቅበት እንጨት) ላይ ነው። ስለዚህ ከዓይኑ አልጀምርም።

መጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። «መካከለኛ» የሚባል አጋዘን የለም። ሁለት ልኬቶች የግድ ያስፈልጋሉ፦ ከዓይኑ የፊት ማዕዘን እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለው ርዝመትና ከጆሮው ሥር ዝቅ ብሎ ያለው የአንገት ዙሪያ። የመጀመሪያው በእኛ አካባቢ ላደገ ወንድ አጋዘን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 7 ተኩል ኢንች ይደርሳል፤ በአንዱና በሌላው እንስሳ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ በዓይን ግምት አይያዝም። የአንገቱ ዙሪያ ግን በወቅቱ ይወሰናል። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ በቀስት የተገደለ ወንድና ያው እንስሳ በኖቬምበር አጋማሽ፣ ሴት በሚያሳድድበት ጊዜ፣ አንገታቸው አይገናኝም፤ በመራቢያው ወቅት አንገቱ በግልጽ ይወፍራል። ቆዳውን እንደገፈፉ ሥጋውን ራሱን በሜትር ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ፎርሙ በዚያ ቁጥር ይታዘዛል።

ፎርሙ ከበዛ ቆዳው ተወጥሮ ይለብሳል፤ ሲደርቅ የሚኮማተርበት ትርፍ ስለሌለው ከሁሉ ደካማ የሆነው ቦታ ይሸነፋል። ደካማዎቹ ቦታዎች ደግሞ እርስዎ የጠቀሷቸው ናቸው፤ የዓይኑ ቆብ፣ የቀንዱ ሥርና የማጅራቱ ስፌት። ፎርሙ ካነሰ በተቃራኒው ትርፍ ቆዳ አንገቱ ላይ ይተጣጠፋል፤ ከመንጋጋው ሥር የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ማጣበቂያ ሳይቀቡ ቆዳውን አንድ ጊዜ ፎርሙ ላይ ያልብሱትና የስፌቱ ሁለት ጠርዞች ሳይጎተቱ መገናኘታቸውን ያረጋግጡ። ካልተገናኙ ቆዳውን በጉልበት አይሳቡ፤ ፎርሙ ፎም ስለሆነ በሞረድ ይፋቃል። ሞረድ የሚለውን ስም ያወጣሁትም በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሳሳት ነው፤ ጀማሪዎች ከሁሉ የሚቸኩሉበትም ይኸው ነው። ሥጋና ስብ ማንሳት አንድ ሥራ ነው፣ ቆዳውን ማሳሳት ግን ሌላ። ወፍራም ቆዳ ሲደርቅ በኃይል ይኮማተራል፤ ስስ ቆዳ ግን ባስቀመጡት ቦታ ይቆያል። የዓይኑን ቆብ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ቆዳውን ገልብጠው የቆቡን ጠርዝ በጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ ላይ ያውጡት። ዓይኑን የሚከብበው ቀይ የጡንቻ ቀለበት ይታይዎታል፤ እሱን በስካልፔል እየላጡ ከቆዳው እስኪለይ ድረስ ማንሳት ይኖርብዎታል። ከሽፋሽፍቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባውን ለስላሳ ቆዳ ግን ሩብ ኢንች ያህል ይተዉለት፤ በኋላ መስታወቱን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ ጡንቻውን የተወ ሰው ዓይኑን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያቆም፣ ቆቡ ደርቆ ወደ ኋላ መሸሹ አይቀርም። ከንፈሩም በዚሁ መንገድ ከውጭው ቆዳና ከአፉ የውስጥ ሽፋን መካከል ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ ግማሽ ኢንች የሚያህል የውስጥ ቆዳ ይቀርለትና ይሳሳል። በአፍንጫው ቀዳዳና በጆሮው ሥር ያለው ወፍራም ሥጋም እንዲሁ። በእጢው ስንጥቅ ዙሪያ ቆዳው በተፈጥሮው ስስ ስለሆነ ቢላዋው ቀዳዳ ቢያወጣበት አይደንግጡ፤ በቀጭን ክር ከውስጥ ይሰፋል፣ ከውጭ ጠጉሩ ይሸፍነዋል።

ቆዳው ተነስቶ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይህን ቪዲዮዎቹ በአንድ ሰከንድ ያልፉታል። ፎርሙ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ እንዳይጣበቅ የተቀባው ነገር ገጹን ያንሸራትተዋል፤ ማጣበቂያ አይዝበትም። ሙሉ ገጹን፣ በተለይም ፊቱን፣ አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ አቧራውንም ያራግፉ። ማጣበቂያውን በሁሉም ቦታ ስስና እኩል አድርገው ይቀቡ፤ ካለበሱት በኋላም ከመሃል ወደ ዳር እየተጫኑ አየሩን ያስወጡ። በእጢው ስንጥቅ፣ በከንፈሩ መስመርና በአፍንጫው ላይ ፎርሙ ያሉት ቦዮች ጠባብ ስለሆኑ በቢላዋ ጫፍ ጥልቅ ያድርጓቸውና ቆዳውን አስገብተው በስፒል ያሲዙት።

ጆሮው የሚጠቀለለው ፕላስቲኩ ከቆዳው ኪስ ሲያንስ ነው፤ ከበዛ ደግሞ ጫፉ ይቀደዳል። ልም አጥንቱ እስከ ጠርዙ መጨረሻ መለየቱን በጣትዎ ያረጋግጡ፤ ፕላስቲኩንም በመቀስ እያስተካከሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት። እሱንም ይሹት፤ ፕላስቲክ ከፎርም የባሰ ያንሸራትታል። በመጨረሻም ጠርዙን በካርቶንና በመቆንጠጫ ይዘው ያድርቁት።

ስፌቱ ከሩቅ የሚታየው ብዙ ጊዜ በመርፌው ምክንያት አይደለም። ቆዳውን ሲከፍቱ ቢላዋውን ከጠጉሩ በኩል ካሳረፉ በመንገዱ ያለውን ጠጉር ሁሉ ይቆርጠዋል፤ ያ ጠጉር ደግሞ አይመለስም። የቢላዋው ስለት ወደ ላይ ሆኖ ከሥጋው በኩል ይሂድ፤ ጠጉሩ ሳይቆረጥ ለሁለት ይከፈላል። ሲሰፉ ከቀንዱ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ በአንዱና በሌላው ስፌት መካከል ከሩብ ኢንች አይብለጥ፤ ክሩ የያዘውንም ጠጉር በመርፌ ጫፍ እያወጡ ይቀጥሉ። በቀንዱ ሥር ያለውን ቆዳ ወደ ላይ ገፍተው ከቀንዱ ጋር በደንብ ካጣበቁ በኋላ በስፒል ይያዙትና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ይዩት፤ መሸሽ የሚጀምረው በእነዚያ ቀናት ነው።

ማልፋቱን በተመለከተ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እዚህ ስላለ ለእሱ እተወዋለሁ።

ሞጆ፦

የተጠራሁ መሰለኝ። ሞጆ በሚገኝ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ኮሎራዶ ነኝ፣ ታክሲደርሚ የምሠራው ለራሴ ብቻ ነው። በፋብሪካ ከምንሠራው ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት፣ እዚያ ጠጉሩን በኖራና በሰልፋይድ የምናረግፈው መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን እንደ አጎዛ ጠጉሩ ሳይነካ ቆዳው ብቻ መልፋት አለበት። ስለዚህ ዋናው ጠላት ጊዜና ሙቀት ነው። ባክቴሪያ የጠጉሩን ሥር ማላላት የሚጀምረው እንስሳው ከወደቀ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው፤ በኋላ አሲድ ውስጥ ጠጉሩ በእጅ ሲመጣ ሰው አሲዱን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የተሠራው ገና መኪናው ላይ ነው። በዕለቱ የማይሠሩት ከሆነ ቆዳውን ሥጋ በሥጋ አጥፈው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት።

ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ፦ አዎ፣ ማልፋት ይጀምሩ። ቦራክስ ቆዳ አያለፋም። ነፍሳትን ይከላከላል፣ ባክቴሪያንም ያዘገያል፤ ቆዳው ግን ከሥሩ ጥሬ እንደሆነ ይደርቃል። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ደግሞ ከለፋው ቆዳ ይልቅ በብዙ ይኮማተራል፣ ይደነድናል። ብዙ የቀድሞ ባለሙያዎች በደረቅ ዱቄት ያማረ ሥራ እንደሠሩ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ሞረድ የነገረንን ማሳሳት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ የመኮማተሩንም መጠን አስቀድመው ያሰሉታል። ለጀማሪ የለፋ ቆዳ ይቅር ባይ ነው።

ሂደቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሥጋውና ስቡ ከተነሳ በኋላ ቆዳውን ከነጆሮውና ከነከንፈሩ በደቃቅ ጨው ይሹት፤ ለመንገድ በረዶ ማቅለጫ የሚሸጠው ጨው ቆሻሻ ስላለበት አይሆንም። ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ዘቅዝቀው ያስቀምጡት፤ በማግስቱ የረጠበውን ጨው አራግፈው አዲስ ይጨምሩ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለስልሰው አሲድ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ለቤት ሥራ ሲትሪክ አሲድ ይመቻል፦ ለአንድ ጋሎን ውኃ አንድ ፓውንድ ጨውና ሦስት አውንስ ሲትሪክ አሲድ። ጨው የሌለው አሲድ ቆዳውን ከልክ በላይ ያሳብጠዋልና ጨው መቀነስ የለበትም። የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ወረቀት ይግዙ፤ ንባቡ ከ2 ተኩል በላይ ከወጣ ባክቴሪያ ይመለሳል። ሦስት ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ቆዳው ነጭና ጠንከር ያለ ይሆናል፤ ማሳሳት ከሁሉ የሚቀለው በዚህን ጊዜ ነው። ሞረድ ስለ ዓይን ቆብ ያለውን ሥራ ቢላዋ ይዘው ከጥሬ ቆዳ ጋር ከሚታገሉ እዚህ ይሥሩት፤ ሲጨርሱም ለአንድ ቀን ወደ አሲዱ ይመልሱት፣ አዲስ የተገለጠው ሥጋም አሲዱን ማግኘት አለበት።

ቀጥሎ የአሲዱ ኃይል ይሰበራል፤ በጋሎን አንድ አውንስ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውኃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእጅ እያንቀሳቀሱ፣ ከዚያ አይበልጥም። ረዘም ካለ ጠጉሩ ሊላላ ይችላል። አጥበውና አንጠፍጥፈው የማልፊያውን ዘይት በውስጥ ገጹ ላይ ይቀቡታል፤ የሚቀባውን መጠንና የሚቆይበትን ሰዓት የየአምራቹ መመሪያ ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። ዕቃው ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት አሲዱን ያበላሻል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይጀምሩ።

ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። አጋዘንን እያከሳ የሚገድለው፣ ሲደብሊውዲ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በብዙ ግዛቶች አለ፣ ቨርጂኒያም አንዷ ናት። ወደ ሰው እንደተላለፈ ባይረጋገጥም አንጎሉንና አከርካሪውን ባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ተራ ማጽጃም አያጠፋውም። ከግዛት ወደ ግዛት ሙሉ ጭንቅላት ማሻገር በብዙ ቦታ የተከለከለ ሲሆን፣ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ የጸዳለት የራስ ቅል ክፋይ ከነቀንዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ከመጓዝዎ በፊት የሁለቱንም ግዛቶች ሕግ ይመልከቱ።

ሸናንዶዋ፦

ጋሽ ሞረድ፣ ጋሽ ሞጆ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢላዋውን ከጠጉሩ በኩል አሳርፍ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ የስፌቱ ጉዳይ ተፈታ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ገና እርጥብ ሳለም፣ ምንም ሳይኮማተር፣ የአጋዘኔ ዓይን ካሜራ ካነሳቸው በሕይወት ያሉ አጋዘኖች ዓይን ጋር አይመሳሰልም። ቅርጹ ትክክል ይመስለኛል፤ ግን አያይም። ይህን እንዴት ልለማመደው?

ቅርጽ፦

ይህን ለመመለስ ልግባበት። ቺካጎ የምኖር ቀራፂ ነኝ፤ አጋዘን የሠራሁት ለአዳኝ ጓደኞቼ ነው። ሞረድ ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሥራው በመፋቂያው ግንድ ላይ ይጀምራል በሚለው አልስማማም። የሚጀምረው በማየት ነው፤ ዓይንዎ የማያውቀውን ቅርጽ እጅዎ አይሠራውም።

እዚህ ከተማ ባለው ፊልድ ሙዚየም ውስጥ፣ ካርል ኤክሊ ከባለቤቱ ከዴሊያ ጋር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የሠራው፣ የቨርጂኒያ አጋዘንን በአራቱም ወቅቶች የሚያሳይ ሥራ አለ። የእርስዎ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የተለመደ አሠራር ቆዳውን እንደ ከረጢት ሰፍቶ ገለባ መጠቅጠቅ ነበር፤ ኤክሊ ግን ጡንቻውንና አጥንቱን መጀመሪያ በጭቃ ቀርጾ፣ ከዚያ ቀላል ቅጂውን አውጥቶ ቆዳውን አለበሰው። ዛሬ ከካታሎግ የሚያዝዙት ፎርም የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ቺካጎ ከመጡ ከበጋው አጋዘን ቀዩንና አጭሩን ጠጉር፣ ከክረምቱ ግራጫውንና ጥቅጥቅ ያለውን ጠጉር አስተያይተው ይመልከቱ፤ አንገቱም ከወቅቱ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ይታያል። በነገራችን ላይ ይኸው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ልኮ የደጋ አጋዘናችንን ጭምር ሰብስቧል።

ወደ ዓይኑ ስመለስ፣ «አያይም» ያሉት ስሜት ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች ይመጣል። የመጀመሪያው ብሌኑ ነው። የአጋዘን ብሌን ክብ አይደለም፤ አግድም የተዘረጋ ሞላላ ነው፣ ከመሬት ጋርም ትይዩ ሆኖ ይቆያል። ሣር በል እንስሳት ጭንቅላታቸውን ሲያዘነብሉ ዓይናቸው በራሱ እየዞረ ብሌኑን ወደ አግድም ይመልሰዋል። ፎርሙ ራሱን ዝቅ ያደረገ ከሆነና እርስዎ መስታወቱን ከፊቱ መስመር ጋር አስተካክለው ካቆሙት፣ ብሌኑ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ እንስሳው የት እንደሚያይ ለተመልካች አይገባም። የሠሩትን ጭንቅላት ግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት አኳኋን ካላቆሙ በስተቀር ዓይን አያስገቡ፤ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የተስተካከለ ብሌን ሲሰቀል ይሳሳታል።

ሁለተኛው የመስታወቱ አቀማመጥ ነው። ጀማሪ ዓይኑን እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ አድርጎ ይለጥፈዋል። የአጋዘኑ ዓይን ከላይ ሲታይ የፊት ማዕዘኑ ወደ ውስጥ የገባ፣ የኋላው ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ከፊት ሲታይ ደግሞ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ይልቅ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው። የቅንድቡ አጥንት ጥላ የሚጥልበትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጥላ ከጠፋ ዓይኑ ይፈጣል። የላይኛው ቆብ በመስታወቱ ላይ በእውነት ይረፍ፤ ጠርዙን ብቻ ነክቶ አይቁም። ክሌዩን ሲያስገቡ ትንሽ ይበቃል፤ ቆቡን ለማሳበጥ የሚጨመር ክሌይ አንድም ቀን ሲያምር አላየሁም።

ሦስተኛው ጆሮና ዓይን አለመስማማታቸው ነው። ጆሮው ወደ ፊት የቆመ አጋዘን አንድ ነገር ሰምቷል፤ ዓይኑም ሰፋ ብሎ ወደዚያው ይመለከታል። ጆሮውን ወደ ጎንና ወደ ኋላ የለቀቀ አጋዘን ተረጋግቷል፤ የላይኛው ቆቡ ዝቅ ይላል። የተረጋጋ ጆሮ ከፈጠጠ ዓይን ጋር ሲገናኝ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። የአጋዘን ጆሮዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚዞሩ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ሕይወት የሚሰጠውም ይህ ነው። የጆሮውን ሥር ግን አይንቁት፤ ጡንቻው ጀማሪዎች ከሚሰጡት መጠን ይበልጣል።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ቆዳውን ከመግፈፍዎ በፊት የአንድን አጋዘን ፊት በአልጂኔት (ከውኃ ጋር ሲደባለቅ በሚረጋ የቅርጽ መቅጃ ዱቄት) ቀድተው በጄሶ ያውጡትና ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሩት። ከሞት በኋላ ዓይኑ ስለሚሰምጥ ለዓይኑ አይረዳዎትም፤ ለአፍንጫው ቀዳዳ፣ ለከንፈሩና ለእጢው ስንጥቅ ግን ከማንኛውም ፎቶግራፍ ይበልጣል። ለዓይኑ በሕይወት ያለ አጋዘን ከፊት፣ ከጎንና በሰያፍ የተነሳባቸው ፎቶግራፎች ያስፈልጉዎታል። በሠሩት ላይ የግራና የቀኝ ልዩነት ለማግኘት ደግሞ ከፊት ፎቶግራፍ አንስተው በስልክዎ ግራ ቀኝ ይገልብጡት፤ እጅዎ የለመደው ስሕተት ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ስለ ቀለም በአጭሩ፦ አፍንጫው፣ የዓይኑ ጠርዝና የጆሮው ውስጥ ሲደርቁ ቀለማቸውን ስለሚያጡ ይቀባሉ፤ ስስ ሆኖ በተደጋጋሚ እንጂ በአንድ ጊዜ ወፍሮ አይሁን። የዓይኑን ጠርዝ በጥቁር ከመቀባት ጠቆር ያለ ቡናማ ይጠቀሙ። ጠጉር አይቀባም።

ሞረድ፦

ቅርጽ፣ በማየት ይጀምራል ያሉትን አልከራከርም፤ ነገር ግን አሥር ዓመት ያየ ሰው ወፍራም ቆብ ካለበሰ ቆቡ ይሸሻል። ሁለታችንም ትክክል ነን እንበልና እንለፈው። ስለ ክሌዩ መጠን ያሉትን ግን በሁለት እጄ እፈርምበታለሁ።

ስለ ማድረቅ አልተነገረም። ሥራው የሚደርቅበት ክፍል መካከለኛ ሙቀት ያለው ይሁን፤ ከማሞቂያው አጠገብ አይቁም። በክረምት ማሞቂያ የሚሠራበት ቤት አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ፣ ስሱ ቆብ ከአንገቱ ቀድሞ ይደርቅና ይጎተታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየቀኑ፣ ቢቻል ጠዋትና ማታ፣ በጣት እየነኩ ያጣሩ፤ የተነሳ ቦታ ገና እርጥብ ሳለ ከተገኘ ተጭኖ በስፒል ይያዛል። ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡ።

አሁን ወደ ተሰቀሉት። በቦራክስ የተሠራ ጥሬ ቆዳ እንደ ለፋው በደንብ አይለሰልስም፤ ስለዚህ የዓይኑን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ እመልሳለሁ ብለው ተስፋ አያድርጉ። የተነሳው ቦታ ትንሽ ከሆነ እርጥብ ጥጥ ለአንድ ሌሊት ያሳድሩበትና ቆዳው ሲለሰልስ ማጣበቂያውን በሲሪንጅ ከሥሩ አስገብተው በካርቶንና በስፒል ይያዙት። የቀንዱ ሥር ክፍተት በኤፖክሲ (ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙሌት) ተሞልቶ፣ የጠጉር መስመር ተቀርጾበት ሊቀባ ይችላል፤ ከሁለት እርምጃ ርቀት አይታይም። የተጠቀለለ ጆሮ ግን ከደረቀ በኋላ ብዙ አይታዘዝም።

ቀንዱ ለእርስዎ ትርጉም ያለው ከሆነ የተሻለው መንገድ ጭንቅላቱን እንደገና መሥራት ነው። ከማጅራቱ በኩል ስፌቱን ይክፈቱ፤ የራስ ቅሉን ክፋይ ከፎርሙ ጋር ያያዙትን ብሎኖች ይፍቱና ቀንዱን ያውጡት። ቀንዱ አይጎዳም። በመጪው ወቅት ከሚያገኙት ሌላ አጋዘን፣ ወይም ከሚሸጡ ሰዎች፣ መጠኑ የሚስማማ የለፋ ቆዳ ይዘው በአዲስ ፎርም ላይ ይጀምሩ። ቆዳ የሚሰጥዎትን አዳኝ ሁለት ነገር ያስጠንቅቁልኝ፦ ገመድ አንገቱ ላይ አስሮ መሬት ለመሬት እንዳይጎትተው፣ የአጋዘን ጠጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይሰበራል፤ ጉሮሮውንም እንዳይሰነጥቀው፣ ቆዳውን ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ከጎድኑ መሃል ዙሪያውን ይቁረጥ። ወደ እኔ ከሚመጡት ቆዳዎች ብዙዎቹ የሚያጥሩት ትከሻው ላይ ነው፤ ያጠረ ቆዳ ደግሞ ማንም ባለሙያ አያስረዝመውም።

በየግዛቱ ያሉ የታክሲደርሚ ማኅበራት በየዓመቱ ውድድር ያደርጋሉ፤ ለጀማሪዎች የተለየ ምድብ አላቸው። ሽልማቱን ይርሱትና ዳኛው በወረቀት የሚጽፈውን አስተያየት ለማግኘት ሲሉ ሥራዎን ይዘው ይሂዱ፤ የዓይኑን ማዕዘን በባትሪ እያበራ ያሳይዎታል። ሲሄዱ የተቀዳውን ጄሶና ፎቶግራፎቹንም ይዘው ይሂዱ፤ ዳኛውን ከእነሱ ጋር አስተያይቶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት።